የዕቅድ ውይይት፦ የድሬዳዋው የባቡር ጋራዥና ደቻቱ

ሰብሳቢ፦
ሰላም ቤተሰብ። የፎቶ ቡድናችን የዘንድሮ የጋራ ሥራ የተዘጉ የኢንዱስትሪ ቦታዎችና አደጋ የደረሰባቸው ስፍራዎች እንዲሆን ባለፈው ተስማምተናል። ረቂቁን እኔ ጀምሬዋለሁ። ከለገሃር ተነስተን አሮጌውን የባቡር መስመር ተከትለን ድሬዳዋ እንገባለን። መንገድ ላይ አዋሽ እንቆማለን፤ በ1977 ባቡሩ ገደል የገባበትን ድልድይ እናነሳለን። ድሬ ላይ የምድር ባቡሩን ጋራዥ፣ ቀጥሎ የ1998ቱ ጎርፍ ያለፈበትን የደቻቱን ወንዝ ዳርቻ። 5 ቀን፣ 9 ሰው፣ 40 ፎቶ። የዐውደ ርዕዩ ርዕስ «ፍርስራሽ»። ቅደዱት፣ አርሙት፣ ብቻ ዝም አትበሉ።

ሂሳብ ያዥ፦
5 ቀን አይቻልም። ካዝናችንን የማውቀው እኔ ነኝ። 3 ቀን ብላችሁ ጻፉና ሌላውን ተከራከሩ።

ከድሬ፦
አቦ፣ ቀኑን ተዉትና መጀመሪያ ርዕሱን ቀይሩልኝ። ጋራዡ አልፈረሰም። ባለፈው ወር ገብቼ ነበር። በር ላይ ዘበኛ አለ፣ መዝገብ ያስፈርማል። ውስጡ ጭር ያለ ነው፣ እሱን አልክድም። ሊቶሪናዎቹ፣ እነዚያ ባለሞተር የሰው ማመላለሻ ባቡሮች፣ ጎማ እንደሌለው መኪና ቆመዋል። የቆርቆሮው ጣሪያ ተበሳስቶ ፀሐይ በየቀዳዳው ትወርዳለች። ግን ጥግ ላይ አንድ ቶርኖ፣ የብረት መቅረጫ ማሽን፣ አለ፣ በአሮጌ አቡጀዲ የተሸፈነ። ጨርቁን ስገልጠው ብረቱ ያበራል። አቧራ የለ፣ ዝገት የለ። ለካ አንድ ጡረታ የወጡ አባት በየሳምንቱ እየመጡ በቅባት ያሹታል። ማንም አላዘዛቸውም፣ ማንም አይከፍላቸውም። «ልጄ፣ ይሄ እኮ ተኝቶ ነው» አሉኝ። እሳቸው ፊት «ፍርስራሽ» የሚል ወረቀት ይዤ አልቆምም።

ሌላም አለ። ይህች ከተማ ሽሚንደፌር፣ ማለትም የምድር ባቡሩ፣ የወለዳት ናት። ባቡሩ መጀመሪያ ሐረር ሊገባ ነበር የታሰበው፤ ተራራው አልመች ብሎ እዚህ ሜዳ ላይ ቀረ። በ1895 ድሬ ደረሰ፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። በመሃል ለዓመታት የመስመሩ መጨረሻ እኛ ነበርን። እና ጋራዡን ስታነሱ የሰው ቤት እንደምታነሱ አድርጋችሁ ቁጠሩት።

ጸሐፊ፦
ተቀብያለሁ። ርዕሱን ለጊዜው ባዶ ትቼዋለሁ። እግረ መንገዴን፦ አዲሱ ባቡር ሥራ ስለጀመረ አሮጌው «ሞተ» ብለን እንዳንጽፍ። ሁለቱ መስመሮች የተለያዩ ናቸው። የአሮጌው ሀዲድ ስፋት 1 ሜትር ነው፣ የአዲሱ 1.435። አንዱ የሌላው ተተኪ ሆኖ በዚያው ላይ የተዘረጋ አይደለም። የአዲሱ ጣቢያም ከከተማው ወጣ ብሎ ነው ያለው። ለዚህ ነው ከዚራ ሰፈር መሃል ያለው አሮጌው ጣቢያ እንዲህ ጸጥ ያለው።

ታናሹ አባል፦
እኔ አንድ ሐሳብ አለኝ። አያቴ የሠሩበት የባቡር ሠራተኛ ኮፍያና ፋኖስ ቤት አለ። ይዤ ልምጣ? ቶርኖው ላይ አስቀምጠን ከላይ ብርሃን ሲወርድበት... አስቡት እስኪ።

ጸሐፊ፦
አስቤዋለሁ፣ ለዚህ ነው እምቢ የምለው። ፕሪፕያት የደረሰውን ታውቃለህ። የቼርኖቤሉ የኒውክሌር አደጋ በ1986 እ.ኤ.አ. ከተማዋን ባዶ ካደረገ በኋላ ጎብኚ መጣ፣ ከጎብኚው ጋር ካሜራ መጣ። ከዚያ አሻንጉሊቱን የጋዝ ጭምብል አልብሶ አልጋ ላይ ማስተኛት ፋሽን ሆነ። አሁን የዚያን ቦታ ፎቶ ሳይ የቱ የሕፃኑ እንደሆነ፣ የቱ የፎቶግራፈሩ እንደሆነ መለየት አቅቶኛል። ያገኘነውን እናንሳ። አናስተካክል። አቡጀዲውን እንኳ ራሳቸው ባለቤቱ ካልገለጡት አንገልጥም። ኮፍያውን ግን አያትህ ፈቃደኛ ከሆኑ እሳቸው ራስ ላይ አንሳው። እሱ ፎቶ ነው።

ታናሹ አባል፦
እሺ እትዬ። ገባኝ።

ሂሳብ ያዥ፦
ስለ ድልድዩ የምለው አለኝ። ረቂቁ ላይ «አስደናቂ ሥፍራ» ተብሎ ተጽፏል። የእናቴ ወንድም እዚያ ባቡር ላይ ነበር። ባቡሩ ኩርባው ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገባ፣ ፉርጎዎቹ ገደል ወረዱ። ከ400 በላይ ሰው አለቀ። እናቴ ጥር በገባ ቁጥር ድምጿ ይቀየራል። አትሂዱ አልልም። «አስደናቂ» የሚለውን ግን አጥፉልኝ።

ሰብሳቢ፦
ይቅርታ ወንድሜ። አላወቅኩም ነበር። አጥፍቼዋለሁ። ካልክ ድልድዩን ሙሉ በሙሉ እናስወጣው?

ሂሳብ ያዥ፦
አይደለም። ከሩቅ ይነሳ። ገደሉ እንዲታይ፣ ኩርባው እንዲታይ። ሰው ሀዲዱ ላይ ቆሞ ሰልፊ እንዳይነሳ ብቻ። እኔም አብሬ እሄዳለሁ።

ከፍተኛ አባል (ለጋዜጣ ትሠራ የነበረችው)፦
ደቻቱን በተመለከተ ልናዘዝ። ጎርፉ በመጣ ማግስት ድሬ ነበርኩ። ጀማሪ ነበርኩ። ዝናቡ የዘነበው ላይ ከደጋው ነው፣ ውሃው ግን ሌሊት ከተማው ላይ ወረደ። ሰው ተኝቶ ነበር። ከ250 በላይ ሰው ሞተ። እኔ ያነሳሁት አሸዋ ውስጥ ልብስ የምትፈልግ አንዲት እናት ነው። አልጠየቅኳትም። «ጥሩ ፎቶ» ተባለልኝ። ግድግዳ ላይ ተሰቀለልኝ። ከዓመታት በኋላ አንዲት ልጅ ዐውደ ርዕይ ላይ መጥታ ፎቶው ፊት ረጅም ሰዓት ቆመች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «የእናቴ ሌላ ፎቶ የለንም። የቀረን ይሄ ነው?» አለችኝ። ምንም መልስ አልነበረኝም። ፎቶውን አውርጄ ሰጠኋት።

ስለዚህ ሦስት ነገር ረቂቁ ውስጥ ይግባልኝ። የጎርፉን ተጎጂ ፈልገን አንሄድም፤ ራሱ ከመጣና ካወራ እንሰማለን፣ ከፈቀደ እናነሳለን። ሁለተኛ፣ ያነሳነው ሰው ሁሉ የታተመ ፎቶ እጁ ይገባል፣ በስልክ የተላከ ሳይሆን የታተመ። ሦስተኛው ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል። ደቻቱን እንደ ዛሬው እናንሳው። ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው መሃሉን አቋርጦ ገበያ ይሄዳል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ያንን አሸዋ ያየ ሰው ውሃ ይገድላል ብሎ አያስብም። ፎቶው ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ከድሬ፦
ወላሂ ልክ ነሽ እህቴ። እኔ አሁንም ጠዋት በአሸዋው ነው ሥራ የምሄደው።

ሰብሳቢ፦
ሦስቱም ገብተዋል። አሁን ወደ ሥራው። ጋራዡ ውስጥ ብርሃኑ ምን ይመስላል?

ከድሬ፦
ከባድ ነው። ቀዳዳው ስር ያለው ነጭ ይሆናል፣ ጥጉ ጥቁር። ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ጥሩ ነው፤ ከዚያ በኋላ ፀሐይዋ አናት ላይ ትመጣና ቆርቆሮው ራሱ ምጣድ ይሆናል። ትሪፖድ ግድ ነው። አንዱን ትዕይንት ካሜራው የሚቀበለውን የብርሃን መጠን እየቀያየራችሁ 3 ጊዜ አንሱ፣ በኋላ ታዋህዱታላችሁ። ፍላሽ አልመክርም፣ አቧራውን ብቻ ነው የሚያሳየው።

ሌላው፣ እግራችሁን እዩ። ሎኮሞቲቮቹ ስር ቦይ አለ፣ መካኒኩ ገብቶ ከታች የሚሠራበት። አንዳንዱ ላይ ሳንቃ አለ፣ አንዳንዱ ላይ የለም። ካሜራ ውስጥ እያያችሁ ወደ ኋላ አትራመዱ። የአሮጌ ቦይለር ሽፋን ላይ የሚታየውን ነጭ ጥጥ መሳይ ነገርም አትንኩ፤ እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ አስቤስቶስ ነው። ማስክ ይዛችሁ ኑ።

ታናሹ አባል፦
ድሮንስ?

ጸሐፊ፦
ያለ ፈቃድ አይነሳም፣ ፈቃዱ ደግሞ በእኛ ጊዜ አይደርስም። እርሳው። ደብዳቤው ለሁለት ወገን ይጻፋል፦ ለባቡሩ ድርጅትና ለከተማው አስተዳደር። ለመግቢያ ብቻ አንጠይቅ፤ ፎቶዎቹን የት እንደምናሳይም እንጻፍ። ባለፈው ሌላ ቦታ ያባረሩን ያንን ስላልጻፍን ነው።

ሰብሳቢ፦
እንግዲህ ረቂቁ እንዲህ ሆኗል። 3 ቀን፣ 6 ሰው፣ 25 ፎቶ። አዋሽ ላይ ከሩቅ ብቻ፣ ግማሽ ቀን። ቀሪው ድሬ። በኅዳር፣ ሙቀቱ በረድ ሲል። ዐውደ ርዕዩ መጀመሪያ ድሬ ይታያል፣ አዲስ አበባ ሁለተኛ ነው። ጋራዡ ውስጥ ማሳየት ቢፈቀድልን እንዴት ጥሩ ነበር! ርዕሱ ግን አሁንም ባዶ ነው።

ሂሳብ ያዥ፦
የሽማግሌው ቃል አለ አይደል? «ተኝቶ ነው»።

ጸሐፊ፦
ደስ ይላል። ግን የእሳቸው ቃል ነው። ይጠየቁ።

ከድሬ፦
ነገ እጠይቃቸዋለሁ። ባለፈውም ለመሄድ ስነሳ «አዲስ አበባ ያሉት ልጆች ምን ይዘውልዎት ይምጡ?» ብዬ ነበር። ጋቢ ወይ ቡና ይላሉ ብዬ ስጠብቅ፣ የቶርኖ ዘይት አሉ።

ሂሳብ ያዥ፦
ስንት ሊትር?

ከድሬ፦
እሱንም እጠይቃለሁ። የዘይቱን ዓይነት ቁጥርም።