ለተራራ አደን ቀላል ባለ መቀርቀሪያ ጠመንጃ፦ የቱን ልምረጥ?

ሰላም ወገኖች፣ ከደሴ ነው የምጠይቀው። በፈቃድ ለሚደረግ የድኩላ አደን፣ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ የምሸከመውን ጠመንጃ መምረጥ አቅቶኛል። ቲካ ቲ3ኤክስ ላይት ያለ ማነጣጠሪያ መነጽር 2.9 ኪሎ ገደማ ነው፤ ኪምበር ማውንቴን አሴንት ደግሞ ወደ 2.2። 700 ግራም ዳገት ላይ ብዙ ነው! ግን ቀጭን አፈሙዝ ሁለት ሦስት ጥይት ሲተኮስበት ይግልና ምቱ ከቦታው ይሸሻል። ለአደን ወሳኙ የመጀመሪያው፣ አፈሙዙ ቀዝቃዛ ሳለ የሚተኮሰው ጥይት ስለሆነ ይህን እችለዋለሁ። የሚያሳስበኝ ርግጫው (ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚገፋው) ነው፤ ጠመንጃው በቀለለ ቁጥር .308 የሚባለው የጥይት ዓይነት ትከሻን አብዝቶ ይመታል፣ ተኳሹም ርግጫውን ፈርቶ ቃታውን ይነጥቃል። 6.5 ክሪድሙር የሚባለው ሌላው የጥይት ዓይነት ርግጫው ይለዝባል፣ ጥይቱን ማግኘቱ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ተኩሱ ከ200 ሜትር ካልራቀ፣ ቀላሉን በ.308 ልያዝ ወይስ ክብደቱን ልቻል? ሁለቱንም ዳገት ላይ የሞከራችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።