አርት ፎቶ የሚሠሩ ሰዎች ከየት ነው የሚጀምሩት?

የሰርግ_አንሺዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰርግና ምርቃት እያነሳሁ ነው የምተዳደረው። ካሜራውም መብራቱም አያስቸግረኝም፣ ስለዚህ እባካችሁ "እንትን ሌንስ ግዢ" የሚል መልስ ይቅርብኝ። ጥያቄዬ ሌላ ነው። እሁድ እሁድ ለራሴ ብዬ ካሜራ ይዤ እወጣለሁ፤ መርካቶ፣ ሽሮ ሜዳ፣ አንዳንዴ እንጦጦ። ደህና ደህና ፎቶ ይዤ እመለሳለሁ። ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ግን ምንም አይሉም። አንዱ ሽማግሌ፣ አንዱ ደመና፣ አንዱ የታክሲ መስኮት። ለየብቻ ያምራሉ፣ አብረው አይናገሩም። የፎቶ አርቲስቷን የአይዳ ሙሉነህን ሥራ ሳይ ደግሞ ስሟ ባይጻፍበትም የእሷ መሆኑ ከሩቅ ይታወቃል። እነዚህ ሰዎች መጀመሪያ አስበው ነው የሚያነሱት ወይስ አንስተው ነው የሚያስቡት? የሚያውቅ ሰው ዘርዘር አድርጎ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

ቀለም_በብርሃን

አይዳ አስባ ብቻ ሳይሆን ነድፋ ነው የምታነሳው። ፎቶው ከመነሳቱ በፊት ወረቀት ላይ ተሠርቷል ማለት ነው። ሰውየዋ የት እንደምትቆም፣ ልብሷ ምን ዓይነት ቀለም እንደሚሆን፣ እጇ ወዴት እንደሚዘረጋ አስቀድሞ የተወሰነ ነገር ነው። ይህ ልማድ ከየት እንደመጣ ታሪኳን ስታዪ ትረጂዋለሽ። ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የተማረችው ፊልም ነው። ከዚያ ዋሽንግተን ፖስት ላይ የዜና ፎቶ አንሺ ሆና ሠርታለች። ስለዚህ ያገኙትን ፈጥኖ መያዝ አቅቷት አይደለም፣ አውቃ ነው የተወችው።

እ.ኤ.አ. በ2018 ዋተርኤይድ ከሚባለው የንጹሕ ውሃ በጎ አድራጎት ድርጅት ጋር ስለ ውሃ የሠራቻቸውን 12 ፎቶዎች ፈልገሽ እያቸው። አብዛኞቹ አፋር ውስጥ ዳሎል ላይ የተነሱ ናቸው። እስቲ አስቢው፣ ዳሎል ሄደሽ "እዚህ ምን ላድርግ?" ብለሽ ማሰብ አትችይም። ሙቀቱ አያስቆምሽም፣ የጎደለሽን ነገር የምትገዢበት ሱቅ የለም፣ ሜካፑ ይቀልጣል። ልብሱ ተሰፍቶ፣ ቀለሙ ተመርጦ፣ ሐሳቡ አልቆ ነው የሚኬደው። ፊትና ገላ መቀባቱን የወሰደችው ከአፍሪካ ሕዝቦች ገላን የማስዋብ ባህል ነው። ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ደጋግማ ትጠቀማለች፤ ያ ድግግሞሽ ነው ሥራዋን ከሩቅ የሚያስለይሽ። ፊቱ ሲቀባ ደግሞ ሰውየዋ "እገሊት" መሆኗ ይቀርና የሆነ ሐሳብ ትሸከማለች። በኔ እምነት ትልቁ ብልሃት እሱ ነው።

የጉለሌ_ልጅ

ቀለም_በብርሃን ያለው ስለ አይዳ ልክ ነው፣ ግን ሁሉም ሰው በንድፍ ይጀምራል ብለሽ እንዳትሄጂ። ሚካኤል ፀጋዬን እይ። ልጁ የተማረው ሥዕል ነው፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት። የዘይት ቀለም አለርጂ ሆነበትና ወደ ካሜራ ዞረ። እኔን ከሁሉም የሚይዘኝ የመቃብር ሥራው ነው። የሟቾች ፎቶ መቃብራቸው ላይ ይለጠፋል አይደል? እነዚያን ፎቶዎች ነው ያነሳው። ፀሐይና ዝናብ የበላቸው፣ የተሰነጠቁ፣ ፊታቸው የጠፋ። ምንም አልቀባም፣ ማንንም አላቆመም። እሱ ያደረገው የት እንደሚያይ መምረጥና ቀረብ ብሎ ማየት ነው። ከዚህ ሌላ አዲስ አበባ ስትፈርስና ስትሠራ ያነሳቸው አሉ፣ እነሱም እንደዚሁ ናቸው። አንዴ አይቶ የሚያልፍ ሰው ሥራ አይደሉም።

ግርማ በርታ ደግሞ ሌላ መንገድ አለው፤ አንቺ መንገድ ላይ ስለምታነሺ የሚጠቅምሽ እሱ ይመስለኛል። በስልኩ ነው ያነሳው፣ በአይፎን። አዲስ አበባ መንገድ ላይ የሚያገኘውን ሰው ያነሳል፣ ከዚያ ሰውየውን ከነጥላው ቆርጦ ያወጣና አንድ ወጥ ደማቅ ቀለም ላይ ያስቀምጠዋል። ታክሲው የለም፣ ሱቁ የለም፣ ሽቦው የለም። አንድ ሰው፣ አንድ ጥላ፣ አንድ ቀለም። በዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2016 የፎቶ ኤጀንሲው ጌቲ ኢሜጅስና ኢንስታግራም ለፎቶ አንሺዎች ይሰጡት የነበረውን የገንዘብ ድጋፍ አሸንፏል። መንገዱ የሚሰጠውን ሰው መምረጥ አይችልም፣ ሕጉን ግን ራሱ አውጥቷል። የአንቺ ሽማግሌና ደመና አንድ ላይ የማይናገሩት ይህ ሕግ ስለሌላቸው ነው ባይ ነኝ።

ጥቁርና_ነጭ

ነድፎ በማንሳትና መንገድ ላይ ያገኙትን በማንሳት መካከል የቆመ ሰው ልጨምር፤ ካናዳዊው ፎቶ አንሺ ጄፍ ዎል፣ የቫንኮቨሩ። መንገድ ላይ አንድ ነገር ያያል። አያነሳውም! ይዞት ቤቱ ይገባል፣ ያብሰለስለዋል፣ ከዚያ ሰዎች ቀጥሮ እንደገና ያሠራዋል። እ.ኤ.አ. በ1982 የሠራው አንድ ፎቶ አለ። አንድ ነጭ ሰውዬ በእስያዊ መንገደኛ አጠገብ ሲያልፍ ጣቱን ወደ ዓይኑ ወስዶ ሲሰድበው ያሳያል። ነገሩን በዓይኑ ያየው ነው፣ ፎቶው ግን የተተወነ ነው። ድንገት የተነሳ ነው የሚመስለው፣ እኔ ለረጅም ጊዜ ማመን አቅቶኝ ነበር።

የ1993ቱ የነፋስ ፎቶው ደግሞ ከጃፓናዊው ሆኩሳይ ሥዕል ተነስቶ የሠራው ነው። ነፋስ የአንዱን ወረቀቶች በትኖ ሜዳው ላይ ያበራቸዋል፣ የአንዱን ባርኔጣ ይወስዳል። አንድ ቅጽበት ነው የሚመስልሽ። ነገር ግን ከ100 በላይ ፎቶ ተገጣጥሞ፣ ከዓመት በላይ የፈጀ ሥራ ነው። ስለዚህ "አስበው ነው ወይስ አንስተው?" ላልሽው፣ አይቶ፣ አስቦ፣ ከዚያ ሠርቶ የሚባልም አለ።

የሰርግ_አንሺዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የጉለሌ_ልጅ ስለ ሕጉ ያልከው ነገር አሳስቦኛል። አንድ ሐሳብ መጣልኝና ንገሩኝ። ሰርግ ላይ እኔ ሁልጊዜ መጨረሻ ነው የምወጣው፣ ዕቃ ስለምሰበስብ። እንግዳው ከሄደ በኋላ አዳራሹ ሌላ ነገር ይሆናል። ወንበሩ ተገፍቶ፣ የአበባው ቅስት ዘሞ፣ ኬኩ ተቆርሶ፣ ጠረጴዛ ላይ የተረሳ ነጠላ። እሱን ብቻ ባነሳስ? ሰው የሌለበት። ወይስ ያዝናል?

የጉለሌ_ልጅ

ኧረ በጣም ጥሩ ነው! ማንም የማይገባበት ቦታ አንቺ ገብተሻል፣ ያውም እየተከፈለሽ። ያዝናል አያዝንም አሁን አትወስኚ፣ ብዙ አንሺና ፎቶዎቹ ይንገሩሽ።

ቀለም_በብርሃን

እኔም በጣም ወድጄዋለሁ። ይህን ከያዝሽ ግን ጀርመኖቹን ባልና ሚስት እያቸው፣ በርንድና ሂላ ቤሸር። የውሃ ታንከር ማማ፣ የከሰል ማዕድን ግንብ፣ እቶን፤ እንዲህ ያለውን ለአሥርተ ዓመታት አነሱ። ሰማዩ ሁሌ የተዳመነ፣ ጥላ እንዳይኖር። ሁሌ ፊት ለፊት፣ በጥቁርና ነጭ። ከዚያ ብዙዎቹን በረድፍ ሰቅለው ያሳያሉ። አንዱን ማማ ብቻ ብታዪው ማማ ነው፣ ዘጠኙን ስታዪ ግን ልዩነታቸው ብቅ ይላል። ዱሰልዶርፍ ላይ ያስተማሯቸው እነ አንድሪያስ ጉርስኪ ናቸው በኋላ የገነኑት።

ስለዚህ አንቺም አዳራሹን ሁሌ ከአንድ ቦታ አንሺው፣ ለምሳሌ ከሙሽሮቹ መቀመጫ ወደ በሩ። አንድ ሌንስ፣ አንድ ከፍታ፣ ትሪፖድ። ፍላሽ አትጠቀሚ፣ የአዳራሹ መብራት ራሱ ብዙ ይናገራል፤ ሰማያዊው ኤልኢዲና ቢጫው አምፖል ሲደባለቁ የሚሰጡት ቀለም በስቱዲዮ አይገኝም። ሲሰበሰቡልሽ በትንሽ መጠን አሳትመሽ ወለል ላይ ዘርጊያቸው፣ በስልክ ስክሪን አትፍረጂ። ኬኩንና ነጠላውን በቅርበት ማንሳት ካማረሽ ለብቻው አስቀምጪ፣ ከሰፊዎቹ ጋር አትቀላቅይ።

ጥቁርና_ነጭ

አንድ ነገር ብቻ። ሙሽሮቹን አስቀድመሽ አስፈቅጂ፣ ሰው ባይኖርበትም የእነሱ ቀን ነው፤ ስማቸው በጀርባው ግድግዳ ላይ በትልቁ ተጽፎ ይገኛል። ውል ስትፈራረሙ አንድ መስመር ብትጨምሪ ያልቃል።

የሰርግ_አንሺዋ

ውሉ ላይ እጨምራለሁ፣ እሱን አላሰብኩትም ነበር። ቅዳሜ ሥራ አለኝ። የአዳራሹ ሠራተኞች ወዲያው መብራት ስለሚያጠፉ አስቀድሜ ማነጋገር አለብኝ። ሲሰበሰብልኝ እዚሁ እለጥፈዋለሁ፣ ሳታዝኑልኝ ተናገሩ።