የሲክል ሴል ታማሚዎች ናሙና፦ ሴሮሎጂውና የዘረመል ውጤቱ አልገጥም አለን

ጥያቄ — ሄማ21
ሰላም ለሁላችሁ። ደጋግመው ደም የሚወስዱ የሲክል ሴል (ቀይ ሕዋስ ማጭድ የሚመስልበት የዘር በሽታ) ታማሚዎችን የደም ግሩፕ በፒሲአር-ኤስኤስፒ (የሚፈለገው የዘረመል ዓይነት ሲኖር ብቻ ዲኤንኤውን በሚያባዛ ምርመራ) እየለየን፣ ከሴሮሎጂው (ቀይ ሕዋሱን በአንቲቦዲ ከመፈተሽ) ጋር እያስተያየን ነው። አንደኛው ዓላማ ለእያንዳንዱ የሚስማማ ደም መምረጥ ነው፤ ሁለተኛው በተሰጣቸው ደም ላይ አንቲቦዲ ያበጁትንና ያላበጁትን በኤችኤልኤ (የባዕድ ቁራጭ ለመከላከያ ሕዋሳት የሚያቀርቡ ሞለኪውሎች) ማወዳደር። አራት ነገር አስቸገረን፦

ሀ) ፒሲአሩ ዳፊ ቢ (ዳፊ ኤና ቢ የቀይ ሕዋስ አንቲጅኖች፣ ማለትም የደም ግሩፕ ምልክቶች ናቸው) ፖዚቲቭ ይላል፤ ቀይ ሕዋሱ ላይ ግን ዳፊ ኤም ቢም የለም።
ለ) አንድ ታማሚ በሴሮሎጂ ዲ ፖዚቲቭ፣ ትልቁ ሲ ፖዚቲቭ ነው (ሁለቱም የአርኤች ግሩፕ አንቲጅኖች ናቸው)። ነገር ግን የትልቁ ሲ መለያ የሆነው የ109 ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) ጭማሪ አይወጣም፤ ሴረሙ ውስጥም ፀረ-ትልቁ ሲ (ትልቁን ሲ የሚያጠቃ አንቲቦዲ) አለ።
ሐ) አንዳንድ ጉድጓድ ላይ የውስጥ መቆጣጠሪያው (ፒሲአሩ መሥራቱን የሚያሳየው) ባንድም ይጠፋል።
መ) ደም ከወሰዱ ወር ያልሞላቸው አሉ። የምናወጣው ዲኤንኤ የለጋሹ ይሆን?

መልስ — ፒፔት
እህቴ ሄማ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ዲኤንኤው የታማሚው ነው። ነጭ ሕዋሱ በማይክሮሊትር 5,000 ቢሆን እንኳ በ5 ሊትር ደም ውስጥ 25 ቢሊዮን ነጭ ሕዋስ አለ። ነጭ ሕዋስ የተጣራለት አንድ ዩኒት ደም የሚጨምረው ቢበዛ 5 ሚሊዮን ነው፤ ከ5,000 አንድ ማለት ነው። ኤስኤስፒ ይህን አያይም። ያልተጣራ ደም የወሰደ ከሆነ ቁጥሩ ይጨምራል፣ ግን አብዛኛው በቀናት ውስጥ ይጠፋል። የሚያሳስተው መቅኔ የተተከለለት ሰው ነው፦ የደሙ ዲኤንኤ የለጋሹ ነው፣ የጉንጭ ውስጥ ናሙናውም በነጭ ሕዋስ ስለሚበከል አይታመንም። መጠየቂያ ፎርሙ ላይ ይህን የሚጠይቅ መስመር ይኑራችሁ።

የሐ ችግር በአብዛኛው ከዲኤንኤ ማውጣቱ ይመጣል። ናሙናው በኢዲቲኤ ቱቦ ይሁን፤ ሄፓሪን ዲኤንኤ የሚያባዛውን ኢንዛይም፣ ፖሊመሬዙን ያፍነዋል። የሲክል ሴል ታማሚ ነጭ ሕዋስ ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ስለሆነ 200 ማይክሮሊትር ደም ኮለኑን (ዲኤንኤ የሚይዘውን ማጣሪያ) ሊዘጋው ይችላል፤ ወደ 100 ዝቅ አድርጉና በፒቢኤስ (የጨው ፈሳሽ) ወደ 200 ሙሉት። ከመጨረሻው እጥበት በኋላ ኮለኑን አዲስ ቱቦ ላይ አድርጋችሁ ባዶውን 2 ደቂቃ አሽከርክሩ፤ የቀረ ኤታኖል ናሙናውን ከጄሉ ጉድጓድ ያንሳፍፈዋል፣ ፒሲአሩንም ይገታል። የ260/280 ንጽጽር (የዲኤንኤው ንጽህና የሚለካበት የብርሃን መምጠጥ) ከ1.7 እስከ 1.9 ከሆነ ደህና ነው፤ 260/230 በጣም ዝቅ ካለ ጨው ወይም ጓኒዲን ቀርቷል። ለአንድ ጉድጓድ ከ50 እስከ 100 ናኖግራም በቂ ነው፤ ከዚያ ሲበዛ የሐሰት ባንድ ይመጣል።

አነባበቡ ላይ፦ ልዩው ባንድ (የሚፈለገው የዘረመል ዓይነት) ደምቆ መቆጣጠሪያው ቢደበዝዝ ውጤቱ ተቀባይነት አለው፣ ሁለቱ ስለሚሻሙ ነው። ሁለቱም ከጠፉ ግን ያ «ኔጋቲቭ» አይደለም፤ ያልተሠራ ምርመራ ነው፣ ይደገም።

መልስ — ነጠላ_ቤዝ
ሀ ላይ ያለው ስህተት የፓነሉ (የምትፈትሹት የዘረመል ቦታዎች ስብስብ) ነው። 125ኛውን ቤዝ ብቻ የሚያይ ፓነል ዳፊ ኤንና ቢን ይለያል እንጂ ዘረመሉ ቀይ ሕዋስ ላይ መሥራት አለመሥራቱን አያውቅም። ፕሮሞተሩ (የዘረመሉ ማብሪያ ክፍል) ላይ በ−67 ቦታ ታይሚን በሳይቶሲን ሲተካ ጋታ-1 የሚባለው ፕሮቲን መቀመጫ ያጣል፣ ዘረመሉም በቀይ ሕዋስ አመንጪዎች ውስጥ ዝም ይላል። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ይህ ለውጥ እጅግ የተለመደ ነው። የ−67 ፕራይመር ጥንድ ጨምሩ፤ ያለሱ የአፍሪካ ዝርያ ላላቸው ሰዎች የዳፊ ውጤት ባታወጡ ይሻላል።

ለደም ምርጫው፦ በሁለቱም ክሮሞዞም −67 ላይ ሳይቶሲን ያለበት ሰው ዳፊ ቢን በሌሎች ሕብረ ሕዋሳቱ ላይ ስለሚያወጣ ፀረ-ዳፊ ቢ አያበጅም ተብሎ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ዳፊ ቢ ፖዚቲቭ ደም ይወስዳል፣ የለጋሽ ምርጫውም ይሰፋል። ፀረ-ዳፊ ኤ ግን ሊያበጅ ይችላል። ጥንቃቄ የሚያሻው ሌላ ዓይነት ዝምታ ነው፦ ጉዳቱ ከፕሮሞተሩ ሳይሆን ከኮዱ (የፕሮቲኑን አሠራር ከሚወስነው ክፍል) ከሆነ አንቲጅኑ በየትኛውም ሕብረ ሕዋስ የለም፣ ያ ሰው ፀረ-ዳፊ 3 (ዳፊ ኤ ወይም ቢ ያለበትን ሕዋስ ሁሉ የሚያጠቃ) ሊያበጅ ይችላል። ስለዚህ −67ን ሳያዩ «ሁለቱም የሉትም፣ ቢ ይሰጠው» አይባልም።

ለትልቁ ኤስም (ሌላ የቀይ ሕዋስ አንቲጅን) ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። ዘረመሉ ኤስ አለ እያለ ቀይ ሕዋሱ ላይ ኤስ ትልቁም ትንሹም ከሌለ በግላይኮፎሪን ቢ (የኤስ ዘረመል) ኢንትሮን (ፕሮቲን የማይሠራ ክፍል) 5 መነሻ ያለውን ለውጥ ወይም 230ኛውን ቤዝ ፈትሹ።

መልስ — አርኤች_ወዳጅ
ለ ከሁሉም ከባዱ ነው፤ ሁለት ነገር ስለሚመስል። መጀመሪያ ያ «ትልቁ ሲ ፖዚቲቭ» የማን ሕዋስ እንደሆነ ይጣራ። ባለፉት 3 ወራት ደም ከወሰደ የምታዩት የለጋሹ ሕዋስ ሊሆን ይችላል፣ ፀረ-ትልቁ ሲም ካለው የዘገየ ሄሞሊሲስ (የተሰጠው ቀይ ሕዋስ መፍረስ) እየመጣ ይሆናል። ዲኤቲ (ቀይ ሕዋሱ ላይ የተለጠፈ አንቲቦዲ የሚፈልግ ምርመራ) ሥሩ፣ የተሰጡትን ዩኒቶች የሲ ውጤት ከደም ባንኩ መዝገብ ጠይቁ፣ ድብልቅ ፊልድ (የተጣበቁና ያልተጣበቁ ሕዋሳት አብረው) ካለ አስተውሉ።

የራሱን ሕዋስ ለመለየት በ0.3 ከመቶ ሶዲየም ክሎራይድ እጠቡ፤ የለጋሹ መደበኛ ሕዋስ ይፈነዳል፣ የሲክል ሕዋሱ ይቋቋማል። ከላይ ያለው ፈሳሽ ቀይ መሆኑን እስኪተው ደጋግማችሁ መጨረሻ ላይ በ0.9 ከመቶ ጨርሱ። ጎን ለጎን የጤነኛ ሰው ናሙና አስኪዱ፤ እሱ ሙሉ በሙሉ ካልፈነዳ የጨው መጠኑ ልክ አይደለም።

ከታጠበ በኋላም ትልቁ ሲ ከቀረ ቀጣዩ ጥርጣሬ ድብልቅ ዘረመል ነው፦ አርኤችዲ (የዲ ዘረመል) ሆኖ ከ4 እስከ 7 ያሉት ኤክሶኖቹ (የፕሮቲኑ ኮድ ያለባቸው ክፍሎች) በአርኤችሲኢ (የሲና የኢ ዘረመል) የተተኩ። ዲን አያወጣም፤ የተለወጠ፣ ጎደሎ ትልቁ ሲ ያወጣል። የ109 ቤዙ ጭማሪ ደግሞ የአርኤችሲኢ ኢንትሮን 2 ምልክት ስለሆነ እዚህ አይገኝም። ያያችሁት አለመግጠም ይህን ይመስላል። ታማሚው ዲ ፖዚቲቭ የሆነው በሌላኛው ክሮሞዞም ሙሉ አርኤችዲ ስላለው ይሆናል። አብሮት አብዛኛውን ጊዜ 733ኛው ቤዝ ጉዋኒን፣ 1006ኛው ታይሚን የሆነ አርኤችሲኢ ስለሚጓዝ ሁለቱን ፈትሹ። ከተረጋገጠ ትልቁ ሲ ኔጋቲቭ ደም ይሰጠዋል፤ ሴሮሎጂው ፖዚቲቭ ማለቱ አያታልላችሁ።

ዲ ኔጋቲቭ ለጋሾችንም ከፈተሻችሁ አርኤችዲ ፕሱዶጂንን (የማይሠራ የአርኤችዲ ቅጂ) አትርሱ፤ ኤክሶን 4 ላይ 37 ቤዝ የተደገመበትና ኤክሶን 6 ላይ ማቆሚያ ኮዶን ያለበት ነው። የአርኤችዲ አንድ ኤክሶን ብቻ የሚያይ ምርመራ ሰውየውን ዲ ፖዚቲቭ ይለዋል።

ሄማ21
እጅግ አመሰግናለሁ። −67ን አሁኑኑ እንጨምራለን። ቀሪዎቹን ናሙናዎች ሙሉ ጂኖም አንብበን ብንገላገልስ? ኤችኤልኤውም አብሮ ይመጣል።

መልስ — ነጠላ_ቤዝ
ይቻላል፣ ግን አርኤች ላይ አጫጭር ንባቦች ያሳስታሉ። የትልቁ ሲ ኤክሶን 2 ከአርኤችዲ ኤክሶን 2 ጋር አንድ ስለሆነ ንባቡ ወደ አርኤችዲ ይሄዳል፦ አርኤችዲ ኤክሶን 2 ላይ ጥልቀቱ (የንባቦቹ ብዛት) ከፍ፣ አርኤችሲኢ ላይ ዝቅ ይላል። ትልቁን ሲ ከጥልቀት ልዩነት ነው የምታነቡት፣ ከለውጥ ዝርዝር አይደለም። ኤቢኦም ላይ ማመሳከሪያ ጂኖሙ ራሱ የኦ አሌል ስለያዘ ግሩፕ ኤ የሆነ ሰው «ጭማሪ አለው» ተብሎ ይወጣል። ይህን የማያውቅ ሶፍትዌር ሁሉን ይገለብጠዋል።

መልስ — ቁጥር_ሰሪ
የኤችኤልኤው ክፍል ከላቦራቶሪው በፊት በወረቀት ላይ ይበላሻል። ዋናው ጥያቄ «አላበጀም» የምትሉት ማን ነው የሚለው ነው። ኬልን (ሌላ የቀይ ሕዋስ አንቲጅን) ውሰዱ፦ ከአውሮፓ ዝርያ ለጋሾች 9 ከመቶ ያህሉ ኬል ፖዚቲቭ ናቸው። ከእነሱ 10 ዩኒት የወሰደ ሰው አንድም ኬል ያላጋጠመው የመሆን ዕድሉ 39 ከመቶ ነው። ለጋሾቹ 2 ከመቶ ብቻ ኬል ፖዚቲቭ ከሆኑ 82 ከመቶ ይደርሳል። እንዲህ ያለውን ሰው «ተቋቋመ» ብሎ ማወዳደሪያ ውስጥ መክተት ጥናቱን ያደበዝዘዋል። በኬል ተገጣጥሞ ደም ሲሰጠው የነበረ ሰው ደግሞ ጭራሽ አልተፈተነም። አንቲቦዲ በጊዜ ደብዝዞ ስለሚጠፋ የዛሬው ስክሪን ብቻ አይበቃም፤ የድሮ መዝገብ ሁሉ ይታይ።

ሁሉንም አንቲቦዲ በአንድ ከረጢት አትክተቱ። በኤችኤልኤ የታወቁት ግንኙነቶች ለየአንቲጅኑ የተለዩ ናቸው፦ ፀረ-ኬል ከዲአርቢ1*11 እና *13 (የኤችኤልኤ ዓይነቶች)፣ ፀረ-ዳፊ ኤ ከዲአርቢ1*04፣ በፕላትሌት በኩል ፀረ-ኤችፒኤ-1ኤ ከዲአርቢ3*01:01። ምክንያቱም የኤችኤልኤ ሞለኪውሉ የሚያቀርበው የዚያኑ አንቲጅን ቁራጭ ነው። 13 የዲአርቢ1 ቡድኖችን ከፈተሻችሁ ደግሞ የ0.05 መስፈርታችሁ (ውጤቱ የአጋጣሚ አይደለም የምትሉበት ወሰን) ወደ 0.004 ይወርዳል፤ ናሙናው መብቃቱን ቀድማችሁ አስሉ።

የዘር ምንጭ ልዩነትን በጂኖም ምልክቶች ካላስተካከላችሁ ውጤቱ የዘር ካርታ ይሆናል፤ −67 ራሱ የዘር ምልክት መሆኑን አስቡ። ኤፍሲጂአር2ሲን (የአንቲቦዲ ተቀባይ ዘረመል) ማየት ከፈለጋችሁ፣ በሲክል ሴል ታማሚዎች ከአንቲቦዲ መጠበቅ ጋር የተያያዘ ሃፕሎታይፕ ተገኝቶበታልና፣ የቅጂ ቁጥሩ ስለሚለያይ ተራ ፒሲአር አይበቃም፤ ኤምኤልፒኤ (የቅጂ ቁጥር የሚለካ ምርመራ) ይፈልጋል።

መልስ — አርኤች_ወዳጅ
አንድ ነገር ልጨምር፣ ነጠላ_ቤዝ ባይስማማም። የዘረመል ውጤቱን ደም ባንኩ ሲስተም ውስጥ በሴሮሎጂ ቦታ አታስገቡ። ለብቻው ዓምድ፣ «የተተነበየ» ተብሎ፣ የተፈተሹት ቦታዎች ዝርዝር ከጎኑ።

መልስ — ነጠላ_ቤዝ
በዚህ እስማማለሁ። የፓነሉ ስሪት ቁጥርም ይመዝገብ፤ −67 ሳይጨመር በፊት የወጡትን የዳፊ ውጤቶች በኋላ ለይታችሁ የምታርሙት በእሱ ነው።