ቁልፉ ሳይጫን የ6146 ቫልቭ አኖድ ይቀላል፤ ጥፋቱ ከመብራቱ ነው ወይስ ከሬዲዮው?

የአለምገናው (ጠያቂ)

ክቡራን የሬዲዮ ወዳጆች፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ አሜሪካ የተሠራ፣ የመጨረሻው ማጉያ ላይ አንድ 6146 ቫልቭ (የቫኪዩም ቱቦ) ያለው የአማተር ሬዲዮ ማሠራጫ አለኝ። የሸጡልኝ አዛውንት ከአስመራው የቃኘው ጣቢያ የወጣ ዕቃ ነው ይላሉ። ለ120 ቮልት የተሠራ በመሆኑ የማገናኘው ከ220 ወደ 110 በሚያወርድ ትራንስፎርመር በኩል ነው።

ከበራ በኋላ አሥር ደቂቃ ያህል ምንም እንከን አይታይበትም። ከዚያ የሞርስ ቁልፉን ሳልነካው የአኖድ (ጅረቱን የሚቀበለው የቫልቩ ብረት) ጅረት መለኪያው ቀስ እያለ ከዜሮ ይነሣና ሩብ ሰዓት ሲሞላ 50 ሚሊአምፔር ይደርሳል። ክፍሉን አጨልሜ ስመለከት የቫልቩ አኖድ በአንድ ጎኑ አመድ እንደለበሰ ፍም ደብዘዝ ብሎ ይቀላል።

የጠረጠርኩት መብራቱን ነው። እኛ ሰፈር አመሻሹ ላይ፣ በተለይ ጎረቤቱ ሁሉ የኤሌክትሪክ ምጣድ በሚጥድበት ሰዓት፣ ቮልቴጁ እስከ 185 ይወርዳል፤ የግሪዱ (ጅረቱን የሚቆጣጠረው የቫልቩ ክፍል) አሉታዊ ባያስም (ቫልቩን ዘግቶ የሚይዘው ቮልቴጅ) አብሮ እየወረደ ቫልቩን መዝጋት አቅቶት ይሆን? ስታብላይዘር ልግዛ? ሙከራውን ያደረግሁት ያለ አንቴና፣ በ50 ኦም ደሚ ሎድ (በአንቴና ምትክ ኃይሉን ወደ ሙቀት የሚለውጥ ሬዚስተር) ነው።

ካራቆሬ

ወንድሜ፣ አኖዱ መቅላት ሲጀምር ወዲያው ያጥፉት። የመጀመሪያው ዓይነት 6146 አኖዱ ላይ የሚችለው ሙቀት 25 ዋት ያህል ነው። አኖዱ 600 ቮልት ካለው 50 ሚሊአምፔር ማለት 30 ዋት ነው፤ ቁልፉ ስላልተጫነ ወደ ደሚ ሎዱ የሚሄድ ነገር የለም፣ ሁሉም ሙቀት ሆኖ እዚያው ቫልቩ ውስጥ ይቀራል።

ለስታብላይዘር ገንዘብዎን አያውጡ። መብራት ሲዳከም ባያሱ ብቻውን አይወርድም፤ የአኖዱና የስክሪን ግሪዱ (የቫልቩ ሁለተኛ ግሪድ) ቮልቴጅም አብረውት ስለሚወርዱ ጅረቱ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ደግሞም ሩብ ሰዓት የሚጠብቅ ጥፋት የሙቀት ጥፋት ነው። (ነገር ካነሣን አይቀር፣ ለ60 ኸርዝ የተሠራ ትራንስፎርመር በእኛ 50 ኸርዝ ሲሠራ ይበልጥ ስለሚሞቅ፣ ከ120 ይልቅ 110 ማግኘቱ ይስማማዋል።)

እኔ የምጠረጥረው ከድራይቨሩ (ከ6146 በፊት ያለው ቫልቭ) አኖድ ወደ 6146 ግሪድ ምልክቱን የሚያሻግረውን ካፓሲተር ነው። በአንድ ወገኑ 300 ቮልት ገደማ፣ በሌላው ወገኑ አሉታዊው ባያስ አለበት፤ ሲያረጅና ሲሞቅ ትንሽ ማሳለፍ ከጀመረ፣ ያ አዎንታዊ ቮልቴጅ ባያሱን እየበላ ቫልቩን ይከፍተዋል። በሶኬቱ 5ኛ እግር ላይ ያለውን ቮልቴጅ መሣሪያው እንደበራና ከሩብ ሰዓት በኋላ ይለኩ።

የድሮ ቫልቭ

በካራቆሬ ሐሳብ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ውስጡ ጋዝ የገባበት 6146ም ልክ ይህንኑ ምልክት ያሳያል። የሚለያቸው አንድ ሙከራ ነው፦ 6146ቱን ከሶኬቱ ነቅለው ይለኩ። ቫልቩ በሌለበትም ባያሱ ከወረደ ካፓሲተሩ ነው፤ ካልወረደ ግን ቫልቩ ነው።

ቫልቩ ሲነቀል ከአናቱ የሚወልቀው ክሊፕ 600 ቮልት ስለሚይዝ፣ ከብረቱ ርቆ በደረቅ ላስቲክ ይጠቅለል። መሣሪያውን ካጠፉ በኋላም የፊልተር ካፓሲተሮቹን ቮልቴጅ በቴስተር ሳያረጋግጡ እጅዎን አያስገቡ፤ ያንን ቻርጅ ማፍሰስ የነበረበት ሬዚስተር በዚህ ዕድሜው ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። እኔ አንድ ጊዜ በዚሁ ምክንያት ካፓሲተሩን ከብረቱ ጋር ያገናኘሁበት ጠመንጃ መፍቻ እስካሁን ጫፉ የለም። በጠመንጃ መፍቻ ማገናኘት የሰነፍ ሥራ ነው፣ በወፍራም ሬዚስተር በኩል ቀስ አድርገው ያፍስሱት።

የአለምገናው

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ጠዋት፣ መብራቱ 224 ቮልት በነበረበት ሰዓት፣ 6146ቱን ነቅዬ ለካሁ። እንደበራ 5ኛው እግር ላይ አሉታዊ 58 ቮልት ነበር፤ በአሥረኛው ደቂቃ አሉታዊ 41፣ በሩብ ሰዓት አሉታዊ 24 ሆነ። ስለዚህ ምጣዱም ቫልቩም ነፃ ናቸው።

ያስገረመኝ ግን ካፓሲተሩን ፈትቼ በቴስተሩ የኦም መለኪያ ስፈትሸው ምንም ሳያሳይ መቅረቱ ነው። ባለ 100 ፒኮፋራድ ማይካ ነው፤ በመልኩም አዲስ ይመስላል።

ካራቆሬ

የቴስተሩ ባትሪ ጥቂት ቮልት ብቻ ነው፤ ያውም የለኩት ቀዝቅዞ ሳለ ነው። የሚያሳልፈው 300 ቮልትና ሙቀት ሲያገኝ ነው። ቁጥሮቹን ያስሉ፦ የግሪዱ ሬዚስተር 22 ኪሎኦም ከሆነ፣ ባያሱን 34 ቮልት ለማውረድ አንድ ሚሊአምፔር ተኩል ያህል ይበቃል፤ ይህም ከ200 ኪሎኦም ትንሽ ከፍ ያለ ማሳለፊያ ማለት ነው። በኦም መለኪያ ደህና የመሰለ ማይካ ስንቱን አድክሟል።

ምትኩን ምናለሽ ተራ ከሚጣሉ የድሮ ባለ ካቶድ ቴሌቪዥን ቦርዶች ያገኙታል፤ 1 ወይም 2 ኪሎቮልት የተጻፈባቸው ሴራሚኮች አሉባቸው። መልሰው ከመግጠምዎ በፊት የስክሪን ግሪዱን ሬዚስተርም ይለኩት፤ የዚያ ዘመን የካርቦን ሬዚስተር ከዕድሜ ጋር ዋጋው ይጨምራል።

የአለምገናው

100 ፒኮፋራድ፣ 2 ኪሎቮልት ሴራሚክ ገጠምኩ። ትናንት ማታ፣ መብራቱ 188 ላይ ሆኖ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ትቼው ነበር፤ መለኪያው ከዜሮ አልተነቃነቀም፣ ባያሱም መብራቱ በወረደበት ልክ ዝቅ ከማለቱ በቀር እዚያው ረግቷል። የስክሪኑ ሬዚስተር ግን ከተጻፈበት ዋጋ በሩብ ያህል በልጦ ስላገኘሁት፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ እቀይረዋለሁ።