ዲኤክሷ ዳገት ላይ ትጠፋብኛለች፤ መላ በሉኝ

ሰላም፣ የመኪና ነገር የምታውቁ። ኮሮላ ዲኤክስ አለችኝ፤ በፈረንጅ የ1983 ምርት፣ ባለ 4ኬ ሞተር፣ ባለ ካርቡራቶር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው)። ጠዋት በአንድ ቁልፍ ትነሳለች። ሜዳ ላይም ምንም አትል። የእንጦጦን ዳገት ስትጀምር ግን የሙቀት መለኪያው ይወጣል፣ ሞተሩ መንተፋተፍ ይጀምርና ድርግም ይላል። ኮፈኑን ከፍቼ እስክትቀዘቅዝ ብጠብቅ ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች።

ስትጠፋ የቤንዚን ፊልትሮው ባዶ ሆኖ አየዋለሁ። ራዲያተሩን አሳጥቤያለሁ፣ ክዳኑንም ቀይሬያለሁ። ውሃ አትጨርስም፤ ዘይቱም ስላልነጣ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) አልጠረጠርኩም። አንዱ መካኒክ "ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው" አለኝ። ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን ውሃ እንደ ሙቀቱ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ማለቱ ነው። ይሄ የሰፈራችን መድኃኒት ነው፤ እኔ ግን አላምንበትም። እሱ ከወጣ ጠዋት ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፣ ቤንዚንም ይበላል። ሌላው የቤንዚን ፖምፓ ግዛ ይላል።

የእኔ ጥርጣሬ ቤንዚኑ መስመር ላይ እየፈላ ነው የሚል ነው። በዚህ ሞተር ካርቡራቶሩም ጭስ ማውጫውም በአንድ ጎን ናቸው። እዚህ ከፍታ ላይ ደግሞ ውሃ እንኳ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ቤንዚንማ ምን ይሳነዋል?

መጀመሪያ ሙቀቱን ልከተል ወይስ ቤንዚኑን? ፖምፓው መድከሙን ቤት ውስጥ የምፈትሽበት መንገድስ አለ? የቤንዚን ቱቦውን ከጭስ ማውጫው አርቆ ያሰረ ካለ፣ በየት በኩል እንዳሳለፈው ይንገረኝ።