ሌሊት ከቄራ የተወሰደ የበግ ፓይኒል ዕጢ ውስጥ የኢንዛይሙ ሥራ ዝቅ ያለው ለምንድን ነው?

ጥያቄ (ከጅማ፣ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ)

ጤና ይስጥልኝ። ሜላቶኒን የተባለውን የሌሊት ሆርሞን የሚሠሩት ኢንዛይሞች በበግ ፓይኒል ዕጢ (አንጎል ውስጥ ባለች ትንሽ ዕጢ) ውስጥ በቀንና በሌሊት ምን ያህል እንደሚለያዩ እያጠናሁ ነው። ዕጢዎቹን የማገኘው ሌሊት እርድ ከሚካሄድበት ቄራ ነው። ሴሮቶኒንን የሚለውጠው ኤን-አሴቲልትራንስፌሬዝ በሌሊት ከፍ እንደሚል ባውቅም፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የወሰድኳቸው ናሙናዎች ከቀኖቹ እምብዛም አይለዩም። የመጨረሻውን እርምጃ የሚሠራው ኢንዛይም ግን በሁሉም ላይ በደንብ ይታያል። ችግሩ ከመለኪያው ነው ወይስ ከናሙና አወሳሰዱ?

መልስ 1

የመጨረሻው ኢንዛይም በቀንና በሌሊት ብዙም ስለማይለዋወጥ፣ እሱ መታየቱ ሥራዎ ከሞላ ጎደል ደህና መሆኑን ያመለክታል። እኔ አስቀድሜ የምጠረጥረው የቄራውን መብራት ነው። ብርሃን በዓይን በኩል ሃይፖታላመስ ውስጥ ወዳለው የሰዓት ማዕከል ሲደርስ፣ ከዚያ በአከርካሪና በአንገት ነርቮች አልፎ ዕጢው ላይ ኖርኤፒነፍሪን የተባለውን የነርቭ መልእክት አስተላላፊ የሚያፈሰው የሌሊት ትእዛዝ ይቋረጣል። የኤን-አሴቲልትራንስፌሬዝን ዕለታዊ ምት በ1970 በአይጥ ያሳዩት ዴቪድ ክላይንና ጆአን ዌለር፣ በ1972 ደግሞ በሌሊት መብራት ሲበራ የኢንዛይሙ ሥራ በ3 ደቂቃ ተኩል ገደማ በግማሽ እንደሚወርድ አሳይተዋል። አምፖል ሥር ተራ የሚጠብቅ በግ ከመታረዱ በፊት ምሽቱን ሙሉ ያካበተውን ያጣል ማለት ነው።

መልስ 2 (የእንስሳት ሐኪም)

በመልስ 1 እስማማለሁ፤ ሆኖም በግ እንደ አይጥ አይደለም። አይጥ በየሌሊቱ የኢንዛይሙን መልእክተኛ አርኤንኤ (የፕሮቲኑን መሥሪያ መመሪያ የሚይዘውን ቅጂ) እንደ አዲስ ስለሚገለብጥ ጭማሪው ከጨለመ ሰዓታት በኋላ ይመጣል። በግ ላይ ግን መልእክተኛው በቀንም አለ፤ ፕሮቲኑም ይመረታል፣ ነገር ግን ወዲያው ይፈርሳል። ሌሊት በሳይክሊክ ኤኤምፒ (በሕዋስ ውስጥ መልእክት በሚያደርስ ሞለኪውል) አማካይነት ፎስፌት ሲለጠፍበት፣ 14-3-3 የተባለ ፕሮቲን ይዞ ከመፍረስ ይጠብቀዋል። በመሆኑም ነርቩ ዝም ካለ በኋላ ሙቀቱን እንደያዘ የሚቆይ ዕጢ ኢንዛይሙን ሊያጣ ይችላል። አርኤንኤውን በመለካት ለማካካስ መሞከር ለበግ አይረዳም፤ የአይጥን ያህል እጥፍ ጭማሪም አይጠብቁ።

ጠያቂ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የቄራውን መብራት ማስጠፋት አይቻለኝም፤ ምን ላድርግ?

መልስ 2

የዩኒቨርሲቲዎን የእንስሳት ጥናት ፈቃድ አግኝተው ጥቂት በጎችን ሙሉ በሙሉ በሚጨልም በረት ውስጥ ያቆዩ። የሌሊቱን እርድ በደብዛዛ ቀይ መብራት ያካሂዱ፤ የዓይን የሰዓት ሕዋሶች በይበልጥ የሚነቁት 480 ናኖሜትር አካባቢ ባለው ሰማያዊ ብርሃን ነውና፣ ቀዩም ቢሆን ወደ ዓይናቸው አይዙር። ዕጢውን እንዳወጡ ወዲያው ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይጣሉት። ጅማ ከምድር ወገብ ብዙም ስለማትርቅ የቀን ርዝመት በዓመት ውስጥ የሚለያየው ከአንድ ሰዓት ባነሰ ነው፤ ወቅቱ ብዙ አያስጨንቅዎ። በመዝገብዎ ላይ ግን እያንዳንዱ ናሙና ከጨለመ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደተወሰደ ይጻፉ፤ የሰዓቱ ቁጥር ብቻውን ለሌላ አገር አንባቢ አይበቃም።