አስታማሚ እንደ ሠራተኛ ስትቆጠር የሴፍቲኔት ድጋፍ እንዴት ይስተካከላል?

ሰላም ለሁላችሁ። ያለነው መንዝ ነው፤ ቤተሰባችን በልማታዊ ሴፍቲኔት (ምግብ ለሚያጥራቸው ቤተሰቦች በሚሰጠው የመንግሥት ድጋፍ) ታቅፏል። ታላቅ ወንድሜ እጅና እግሩ አይታዘዝለትም፤ ካላጎረሱት አይበላም፣ ቶሎ ቶሎ ካላገላበጡት ጀርባው ይቆስላል። እናታችን በዕድሜ ገፍታለች፣ ልታነሣው አትችልም። ስለዚህ መሥራት ትችላለች ተብዬ የተቆጠርኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ካርዳችንም የማኅበረሰብ ሥራ ላይ ነው፤ ማለትም ድጋፉን የምናገኘው የጋራ ልማት ሥራ ሠርተን ነው።

የሥራው ቀን በነፍስ ወከፍ በወር 5 ስለሚታሰብ የሦስታችንን እኔው እርከን ላይ እሸፍናለሁ። እኔ እዚያ ስውል እሱን የሚያገላብጠው የለም። ክፍያውም በዓመት ለ6 ወር ነው፤ መሥራት የሚችል ሰው ለሌለው ቤተሰብ ያለ ሥራ የሚሰጠው ቋሚ ቀጥታ ድጋፍ ቢሆን 12 ወር ነበር።

ከሆስፒታል የሐኪም ማስረጃ አምጥቼ ለቀበሌው ይግባኝ ሰሚ ኮሚቴ አቀረብኩ። «ጉልበት ያለው ሰው ቤት ውስጥ እያለ አይሆንም» አሉኝ። ለጊዜው ከሥራ ነፃ የሚያደርገው ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍም ለነፍሰ ጡር፣ ለአራስና በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን ለምታስታምም እናት ነው፤ ወንድሜ ደግሞ አዋቂ ነው። ማስረጃውን ሳየው የሕመሙን ስም እንጂ ሙሉ ቀን ሰው እንደሚያስፈልገው አይገልጽም። ወደ ወረዳ ከመሄዴ በፊት ማስተካከል እፈልጋለሁ።

እንዲህ ያለ ጉዳይ ያስፈጸማችሁ፦ አስታማሚዋ ከሠራተኛ ቁጥር ወጥታ ቤተሰቡ ወደ ቋሚ ቀጥታ ድጋፍ እንዲዛወር ወረዳ የተቀበላችሁ ምን ዓይነት ማስረጃ ነው?